የቡና ችግኝ ሥርና ማይኮራይዛ፦ ልዩነቱ የዝርያው ጂን ነው ወይስ የማዳበሪያው?

ጅማዊት

ሰላም ለሁላችሁ። ጥያቄዬ የቡና ችግኝ ከአርበስኩላር ማይኮራይዛ ፈንገስ (ሥር ውስጥ ኖሮ ለተክሉ ፎስፈረስ ከሚያቀብለው ፈንገስ) ጋር ስለሚያደርገው ሽርክና ነው። ጅማ አጠገብ ባለ ችግኝ ጣቢያ 74110፣ 74112፣ 74140 እና 74158 የተባሉ የቡና ዝርያዎች በአንድ ዓይነት አፈር ተተክለዋል፦ ሦስት እጅ የጫካ አፈር፣ አንድ እጅ ኮምፖስት፣ አንድ እጅ የወንዝ አሸዋ። ግማሾቹ ቱቦዎች ላይ ዳፕ (የፎስፈረስና የናይትሮጅን ማዳበሪያ) ተቀላቅሏል፣ ግማሾቹ ላይ የለም። ኢኖኩለሙ (ችግኙ ላይ የሚጨመረው ሕያው ፈንገስ ያለበት አፈር) ከሰሳና ከዋንዛ ሥር ከተነሳ አፈር ተወስዶ በማሽላ ሥር የተባዛ ነው።

ከአምስት ወር በኋላ ሥሩ በቀለም ተነክሮ ሲታይ ዳፕ ያለባቸው ላይ ፈንገሱ በጣም ጥቂት ነው። ዳፕ በሌለባቸውም ከዝርያ ዝርያ ይለያያል። ስለዚህ፦ ዳፕ ፈንገሱን ይገድለዋል ወይስ ሌላ ምክንያት አለ? በዝርያዎቹ መካከል ያለው ልዩነት የጂን ነው ማለት ይቻላል? ከሆነስ በየትኞቹ ጂኖች? ሥሩ ውስጥ ብዙ ፈንገስ የያዘውን ዝርያ መርጦ ማዳቀልስ ያዋጣል?

የቡና ሥር ራሱ ቡናማ ስለሆነ ፈንገሱን ለይቶ ማየት ያስቸግራል። በአቀላለሙም ላይ ምክር ካላችሁ ደስ ይለኛል።

---

የአፈር ሐኪም

እህቴ ጅማዊት፣ ዳፕ ፈንገሱን አይገድለውም። በሩን የሚዘጋው ተክሉ ራሱ ነው። እንዴት እንደሚዘጋው ከታወቀ የቀሩት ጥያቄዎችሽም አብረው ይፈታሉ።

ተክል ፎስፈረስ ሲርበው ሥሩ ስትሪጎላክቶን የሚባል ሆርሞን ያመነጫል። ሆርሞኑን ከካሮቲን ቤተሰብ ቆርጠው የሚሠሩት ዲ27፣ ሲሲዲ7 እና ሲሲዲ8 የሚባሉ ጂኖች ናቸው፤ በፔቱንያ ላይ እንደታየው ደግሞ ፒዲአር1 የተባለ ማጓጓዣ ወደ አፈር ያወጣዋል። የፈንገሱ ክር ይህን ሲያገኝ ብዙ ቅርንጫፍ እያወጣ ወደ ሥሩ ይጠጋል። ይህ የተረጋገጠው እ.ኤ.አ. በ2005 ጃፓን ውስጥ ነው። ፈንገሱም በበኩሉ ከካይቲን የተሠሩ ትንንሽ ሞለኪውሎች ይልካል። እነዚህን የሥሩ ተቀባዮች ሲይዙ መልእክቱ በሲምአርኬ በኩል ያልፍና በካስተርና በፖለክስ አማካይነት የሴሉ ኒውክለስ ውስጥ ካልሲየም ከፍ ዝቅ ማለት ይጀምራል። ያንን ምት የሚያነበው ሲካምኬ የተባለው ፕሮቲን ሳይክሎፕስን ያነቃል፤ ከእሱም በኋላ ራም1 ይበራል። ራም1 ሥር ደግሞ የልውውጡን ሥራ የሚሠሩት ጂኖች አሉ፦ ፎስፈረስ ተቀባዩ ፒቲ4፣ ስብ አዘጋጁ ራም2፣ ስቡን ወደ ፈንገሱ የሚያሻግረው ኤስቲአር።

ዳፕ የሚመታው ከዚህ ሁሉ በላይ ያለውን መቆጣጠሪያ ነው። ፒኤችአር የሚባል ፕሮቲን የስትሪጎላክቶንን፣ የተቀባዮችንና የፒቲ4ን ዓይነት ጂኖች በቀጥታ ያበራል። ተክሉ ፎስፈረስ ሲጠግብ ግን ኤስፒኤክስ የተባለ ሌላ ፕሮቲን ፒኤችአርን አንቆ ይይዘዋል፤ ጂኖቹም ይጠፋሉ። እ.ኤ.አ. በ2021 በሩዝ ላይ ይህ በግልጽ ታይቷል። ልብ በይ፣ ወሳኙ በሥሩ ዙሪያ ያለው ፎስፈረስ ብቻ ሳይሆን በአጠቃላይ የተክሉ ጥጋብ ነው። ሥሩ ለሁለት ተከፍሎ በሁለት ዕቃ ሲተከልና ለአንዱ ወገን ብቻ ፎስፈረስ ሲሰጥ፣ ባልተሰጠው ወገን ያለውም ፈንገስ ይቀንሳል። ስለዚህ ዳፑን ከቱቦው ሥር ወይም ጥግ ላይ ማድረግ መፍትሔ አይሆንም።

መጠኑንም አስቢው። ዳፕ ውስጥ 46 በመቶ ፎስፈረስ ፔንቶክሳይድ አለ፣ ይህም 20 በመቶ ያህል ንጹሕ ፎስፈረስ ማለት ነው። አንድ ኪሎ አፈር ላይ 2 ግራም ዳፕ ከጨመርሽ 400 ሚሊ ግራም ፎስፈረስ ሰጥተሻል። የእኛ ቀይ አፈር ኮምጣጣ ስለሆነ ብረቱና አሉሚኒየሙ ብዙውን ይይዘዋል፤ ያም ሆኖ ለአንድ ቡና ችግኝ ብዙ ነው። ሙከራ ከሆነ በኪሎ አፈር 0፣ 0.1፣ 0.25 እና 0.5 ግራም ዳፕ በቂ ደረጃዎች ናቸው። ዳፕ 18 በመቶ ናይትሮጅን ስላለው፣ ዳፕ ያልተሰጣቸውን ከ0.5 ግራሙ ጋር ለማስተካከል በኪሎ 0.2 ግራም ዩሪያ ስጪ፤ በመካከል ላሉት ደረጃዎችም በዚያው ልክ እየቀነስሽ። ይህ ካልተደረገ ያየሽው ልዩነት የፎስፈረስ ይሁን የናይትሮጅን አይለይም።

ወደ ዝርያው እንምጣ። ዋናዎቹ ጂኖች በአራቱም ውስጥ እንዳሉ የራስሽ ስላይድ ይነግርሻል። ሲካምኬ ወይም ሳይክሎፕስ ቢሰበር ኖሮ ፈንገሱ ከሥሩ ቆዳ ላይ ይቆም ነበር እንጂ "ጥቂት" አይሆንም። እ.ኤ.አ. በ1989 ፈረንሳይ ውስጥ ከባክቴሪያ ጋር ሆነው በሥራቸው ላይ የናይትሮጅን እባጭ መሥራት ያቃታቸው አንዳንድ የአተር ተለዋጮች ማይኮራይዛም አለመቀበላቸው ሲታይ ነው ሁለቱ ሽርክናዎች የጋራ ጂኖች እንዳሏቸው የታወቀው። ጂኖቹን ጨርሰው ያጡ የተክል ወገኖችም አሉ። የጎመን ዘመዶች ሲካምኬን፣ ሳይክሎፕስንና ራም1ን አጥተዋል። ግብጦ ደግሞ እባጭ ስለሚሠራ የጋራዎቹን ይዞ፣ ለማይኮራይዛ ብቻ የሚያገለግሉትን ራም1ንና ኤስቲአርን ጥሏል። ቡና ከእነዚህ አንዱም አይደለም።

እንግዲህ በዝርያዎችሽ መካከል ያለው ልዩነት ከመጠን ማስተካከያዎች ይመጣል፦ ማን ቶሎ ፎስፈረስ ይጠግባል፣ ማን ብዙ ስትሪጎላክቶን ያወጣል፣ የማን ሥር ቀጭን ነው፣ ማን አርበስኩሉን (ፈንገሱ በሥሩ ሴል ውስጥ የሚሠራውን፣ ልውውጡ የሚካሄድበትን ዛፍ መሰል ቅርንጫፍ) ቶሎ ያፈርሳል። በራሱ ሥር ፎስፈረስ ጎበዝ ሆኖ የሚለቅም ዝርያ ቶሎ ይጠግብና በሩን ይዘጋል፤ ስላይድ ላይ ሲታይ "ማይኮራይዛ የማይወድ" ይመስላል። ስለዚህ "የጂን ነው" ከማለትሽ በፊት የቅጠሉን ፎስፈረስ ለክተሽ ከፈንገሱ መጠን ጋር አስተያዪው። የቅጠል ፎስፈረሱ እኩል በሆኑ ችግኞች መካከል ልዩነቱ ከጠፋ፣ ያየሽው የፎስፈረስ ጥጋብ እንጂ የሽርክና ጂን አይደለም።

ብዙ ፈንገስ የያዘውን መርጦ ማዳቀል? እኔ አልመክርም። ፈንገሱ በነጻ አይሠራም። ተክሉ በብርሃን ከሚያዘጋጀው ካርቦን ከ4 እስከ 20 በመቶ ይወስዳል። እ.ኤ.አ. በ2013 ሪዞፋገስ ኢሬጉላሪስ የተባለው የማይኮራይዛ ፈንገስ ጂኖም ሲነበብ ረጅም ፋቲ አሲድ የሚሠራው ኢንዛይም ጂን አልተገኘበትም፤ በ2017 ደግሞ በርካታ ቡድኖች ስቡን የሚሰጠው ተክሉ መሆኑን አሳዩ። ፈንገስ የያዘው የሥር መቶኛ ከፍ ማለት ከፍ ያለ ወጪም ነው። መለካት ያለብሽ ጥቅሙን ነው፦ ፈንገስ ያለው ችግኝ ደረቅ ክብደት ሲቀነስ የሌለው፣ ለሌለው ተካፍሎ በ100 ሲባዛ። ይህም ቁጥር ያታልላል። ያለ ፈንገስ እጅግ የሚቀጭጭ ደካማ ዝርያ በቀመሩ "ከሁሉ ተጠቃሚ" ሆኖ ይወጣል። ስለዚህ ሁለቱን ክብደቶች ለየብቻ አሳዪ፤ ምርጡ ዝርያ በሁለቱም ሁኔታ ጥሩ የቆመው ነው። በምዕራብ አፍሪካ ማሽላዎች ላይ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣ ጥናትም የሥር ፈንገስ መጠንን ለብቻው የማዳቀል ግብ ማድረግ አያስፈልግም ብሎ ነው የደመደመው።

---

ወንፊት

ጋሼ ያሉት ሁሉ የሚቆመው መቶኛው በትክክል ከተቆጠረ ነው። የቡና ሥር ላይ ደግሞ አብዛኛው ስሕተት የሚፈጠረው እዚሁ ነው።

ሥር ስትወስጂ ከ1 ሚሊ ሜትር የቀጠኑትንና ያልደረቁትን ብቻ፣ ከቱቦው ላይ፣ መካከልና ታች ቀላቅለሽ። ግማሽ ግራም ይበቃል። በዕለቱ ካልተሠራ 50 በመቶ አልኮል ውስጥ ይቀመጥ።

በመመሪያዎች ላይ "3 ደቂቃ ይቀቀል" የሚለው ለቀጭንና ነጭ ሥር የተጻፈ ነው። ለቡና 10 በመቶ ፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ፣ በ90 ዲግሪ የውኃ መታጠቢያ ከ45 ደቂቃ እስከ 1 ሰዓት፤ ፈሳሹ ቡና ሲመስል አውጥተሽ በአዲስ ቀይሪው። ጅማ ከባሕር ጠለል 1,700 ሜትር በላይ ስለሆነች ክፍት ድስት ውስጥ ውኃ የሚፈላው 94 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው፤ "አፍልቼዋለሁ" ማለት 100 ዲግሪ ደረሰ ማለት አይደለም። ጓንትና መነጽር አይረሳ፤ ይህ ፈሳሽ ቆዳ ይበላል።

ከዚያ በውኃ ታጥቦም ቡናማው ካልለቀቀ (ቡና ላይ አይለቅም) ከፋርማሲ የሚገኘውን 3 በመቶ ሃይድሮጅን ፔሮክሳይድ 30 ሚሊ ሊትር ላይ 20 በመቶ አሞኒያ 3 ሚሊ ሊትር ጨምረሽ ሥሩን ከ10 እስከ 45 ደቂቃ። በየአምስት ደቂቃው እዪው፤ ነጭ እንደሆነ አውጪው። ከቆየ ሥሩ ይበታተናል፣ ፈንገሱም ቀለም አይይዝም። በረኪና ለመጠቀም የሚሞክሩ አሉ፤ ጥንካሬው ከጠርሙስ ጠርሙስ ስለሚለያይ አይታመንም።

ቀጥሎ አሲድ ማልበስ ነው፣ ብዙ ሰው የሚዘለው እሱን ነው። 1 በመቶ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ውስጥ 5 ደቂቃ። ሥሩ ውስጥ ቤዝ ከቀረ ቀለሙ አይጣበቅም። ከዚያ 5 ሚሊ ሊትር ጥቁር የብዕር ቀለም (ሼፈር ወይም ፔሊካን) በ95 ሚሊ ሊትር ነጭ አቼቶ። አቼቶው 5 በመቶ አሴቲክ አሲድ መሆኑን ከጠርሙሱ ላይ አንብቢ። በ90 ዲግሪ 5 ደቂቃ፣ ከዚያ ጥቂት ጠብታ አቼቶ ባለው ውኃ ከ20 ደቂቃ እስከ ማግሥቱ። ትሪፓን ብሉ የሚሉሽ ካሉ እምቢ በይ፤ ካንሰር አምጪ ነው፣ የብዕር ቀለሙም ከእሱ አያንስም።

ቆጠራው በ200 እጥፍ ማጉላት፣ ቢያንስ 100 መገናኛ ነጥብ (የማይክሮስኮፑ መስመር ሥሩን የሚያቋርጥበት ቦታ)። አርበስኩል፣ ቬሲክል (የፈንገሱ የስብ ማከማቻ ከረጢት) እና ክር ብቻ ያለበትን ለየብቻ መዝግቢ። አንድ ላይ ከደመርሻቸው የሞተውንም የሚሠራውንም ቆጥረሻል። ቡናማና መሃሉ በግድግዳ የተከፋፈለ ክር ካየሽ ሌላ ፈንገስ ነው፤ የእኛው ክር ግድግዳ የለውም ለማለት ይቻላል።

በየዙሩ አንድ ስላይድ የጎመን ወይም የግብጦ ሥር አብረሽ ቀቅዪ። ከላይ በተባለው ምክንያት አርበስኩል ሊኖረው አይችልም። በጎመን ሥር ውስጥ አርበስኩል "ካየሽ" ችግሩ ዓይንሽ ወይም ቀለምሽ ላይ ነው። ክር ብቻ ማየት ግን ያጋጥማል፣ ያረጀ ሥር ውስጥ ይገባልና።

---

ጅማዊት

እግዜር ይስጥልኝ፣ ሁለታችሁም። የቅጠል ፎስፈረስ እናስለካለን፣ ዩሪያውንም እናስተካክላለን። ሁለት ነገር ልጨምር። ፈንገስ የሌለው ማነጻጸሪያ እንዲሆን አፈሩ በአውቶክሌቭ ተቀቅሎ ነበር፤ ችግኞቹ ግን ወጣቱ ቅጠላቸው ቢጫ ሆነ፣ አሮጌው ላይ ቡናማ ነጠብጣብ ወጣ። ይህ የፈንገስ ማጣት ነው? ሌላው፣ የጂኖቹን እንቅስቃሴ በኪው-ፒሲአር (የጂኑን ቅጂ እያባዛ መጠኑን በሚለካ ዘዴ) ለመለካት የቲማቲም ፕራይመር (ጂኑን ለይቶ የሚይዝ አጭር የዲኤንኤ ቁራጭ) ለቡና ይሆናል?

---

ወንፊት

ቢጫው የፈንገስ ማጣት አይመስለኝም። እንደ ጅማ ያለ ኮምጣጣ ቀይ አፈር በአውቶክሌቭ ሲቀቀል ብዙ ማንጋኒዝ ይለቃል፣ የማንጋኒዝ መመረዝም እንደገለጽሽው ነው። ይህን ልብ ያላለ ሰው "ያለ ማይኮራይዛ ቡና አያድግም" ብሎ ይጽፋል። አፈሩን በእንፋሎት በ80 ዲግሪ ለ1 ሰዓት፣ ከ24 ሰዓት በኋላ ድገሚና እርጥብ አድርገሽ ሦስት ሳምንት አስቀምጪው። ፒኤቹ ከ5 በታች ከሆነ በኖራ ወደ 5.5 አምጪው።

አውቶክሌቭ ግዴታ ከሆነ ደግሞ የመርፌ ጌጅ 15 ፒኤስአይ ሲያሳይ እዚህ ከፍታ ላይ ውስጡ 118 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ 121 ለመድረስ ወደ 18 ፒኤስአይ ያስፈልጋል። ዕቃው የሚችለውን ግፊት ሳታዪ ግን አትጨምሪ።

ማነጻጸሪያው ኢኖኩለም ጭራሽ ሳይደረግበት መተው የለበትም። ያንኑ መጠን የተቀቀለ ኢኖኩለም አድርጊበት፣ ከዚያ ሕያው ኢኖኩለሙን በውኃ አጥበሽ በማጣሪያ ወረቀት ያለፈውን ውኃ ለሁሉም ቱቦ እኩል አጠጪ። ባክቴሪያው ያልፋል፣ ስፖሩ ይቀራል። በዚህ ልዩነቱ የፈንገሱ ብቻ ይሆናል።

የጫካ አፈሩን ከየት ነው የምታነሱት? ከደረቀ ቡና አጠገብ ከሆነ ተዉት። የቡናን ዛፍ የሚያደርቀው ፉዛሪየም በአካባቢያችን አለ፣ ከአፈር ጋር ወደ ችግኝ ጣቢያ ይገባል። ማሽላው ላይ ሲባዛም የሥር ትል እባጭ እንዳይኖር ሥሩን ነቅላችሁ እዩ።

---

ዘረ-መል

የፕራይመሩን ልመልስ። የቲማቲም ፕራይመር እንዳለ አይሠራም፤ ቲማቲም ግን ጥሩ መነሻ ነው፣ ምክንያቱም ከምስርና ከሩዝ ይልቅ ለቡና የቀረበ ዘመድ ነው። የሮቡስታ ጂኖም እ.ኤ.አ. በ2014፣ የአረቢካ በ2024 ታትሟል፤ የቲማቲሙን ፕሮቲን በእነዚያ ላይ ፈልጊ። ፒቲ4 ብዙ ወንድሞች አሉት፣ አንዳንዶቹ ፈንገስ ሳይኖርም ይበራሉ። በመመሳሰል መቶኛ ብቻ አትምረጪ፤ የቲማቲምን ፒቲ4 እና የሩዝን ፒቲ11 አስገብተሽ የዘር ሐረግ ሥዕል ሥሪና ከእነሱ ጋር የሚሰባሰበውን ውሰጂ።

አረቢካ የሮቡስታና የኢዩጀንዮይደስ ድቅል ነው፣ 44 ክሮሞሶም አለው። ስለዚህ አብዛኛው ጂን በሁለት ቅጂ አለ። ፕራይመርሽ አንዱን ቅጂ ብቻ ከያዘ በአንድ ዝርያ "ጂኑ ጠፍቷል" ትያለሽ፣ ሁለተኛው ቅጂ ግን እየሠራ ይሆናል። ሁለቱም ቅጂዎች የሚመሳሰሉበት ቦታ ላይ አንድ የጋራ ፕራይመር፣ ካስፈለገ ደግሞ ለየቅጂው የተለየ።

የትኛውን ጂን? ሲካምኬን አትለኪ። ፈንገስ ኖረም አልኖረም መጠኑ ብዙም አይለወጥም፣ ሥራውን የሚለውጠው ካልሲየሙ ነው። ለሙሉው ሂደት ፒቲ4 (ሕያው አርበስኩል ያለበት ሴል ውስጥ ብቻ ይበራል)፣ ራም1፣ ኤስቲአር፤ ለጥጋቡ ደግሞ ሲሲዲ7 እና አንድ የኤስፒኤክስ ጂን። ዳፕ ባለበት ሲሲዲ7ም ኤስፒኤክስም ዝቅ ካሉ የጋሼ ማብራሪያ ተረጋገጠ ማለት ነው (በጥጋብ ጊዜ ፒኤችአርን የሚይዘው የኤስፒኤክስ ፕሮቲኑ ነው፤ አብዛኞቹ የኤስፒኤክስ ጂኖች ግን የሚበሩት ተክሉ ፎስፈረስ ሲርበው ነው)። ዳፕ በሌለበት ሲሲዲ7 በአራቱም እኩል ሆኖ ራም1 በአንዱ ብቻ ዝቅ ካለ ግን ያኔ ስለ ዝርያ ጂን መነጋገር እንችላለን።

አርኤንኤ ማውጣቱ ላይ የቡና ሥር ፖሊፌኖል ያስቸግራል። ተራ ኪት ብዙ ጊዜ ቡናማ ዝቃጭ ይሰጣል። ሲታብ (ሴሉን የሚያፈርስ ሳሙና መሰል ኬሚካል) ከ2 በመቶ ፒቪፒና ከ2 በመቶ ቤታ-መርካፕቶኤታኖል ጋር በ65 ዲግሪ፣ ሁለት ጊዜ ክሎሮፎርም፣ ከዚያ ሊቲየም ክሎራይድ 2 ሞላር ሆኖ በ4 ዲግሪ ሌሊቱን። ሥሩ ከአፈር በወጣ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ታጥቦ ፈሳሽ ናይትሮጅን ውስጥ ካልገባ ልፋቱ ከንቱ ነው። ፈንገሱ በሥሩ ላይ ዥጉርጉር ሆኖ ስለሚቀመጥ የአንዱን ችግኝ ሥር ለሁለት ከፍለሽ ግማሹን ለቀለም፣ ግማሹን ለአርኤንኤ አድርጊ። ማነጻጸሪያ ጂን ከሁለት አይነስ። ድግግሞሹ ቱቦው ነው፤ ከአንድ ቱቦ የመጡ ሦስት ስላይዶች ሦስት ድግግሞሽ አይደሉም።

ከጫካ አፈር የመጣ ፈንገስ ድብልቅ ስለሆነ የአንድ ዝርያ ፈንገስ ፕራይመር አይበቃም። ኤኤምኤል1 እና ኤኤምኤል2 በተባሉት ፕራይመሮች የፈንገሱን የሪቦሶም ጂን አባዝተሽ አስነብቢ። አራቱ ዝርያዎች የያዙት ፈንገስ አንድ ላይሆን ይችላል፤ ያ ከሆነ መቶኛውን ማወዳደር ትርጉም ያጣል።

---

አቀንጭራ ነቃይ

ስለ ማባዣው ማሽላ አንድ ነገር ላንሳ። ጎቢዬንና አብሺርን የመሰሉ አቀንጭራ የሚቋቋሙ ማሽላዎች ለማባዣ ይሆናሉ ወይ ብሎ የሚጠራጠር አለ፣ ጥርጣሬውም ምክንያት አለው። አቀንጭራ የምትበቅለው ያንኑ ስትሪጎላክቶን አሽትታ ነው። የጅማ እርሻ ትምህርት ቤት ተማሪ የነበሩት ፕሮፌሰር ገቢሳ እጀታ እ.ኤ.አ. በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማትን ያገኙበት ሥራ አቀንጭራን የሚቋቋም ማሽላ ነው፤ በ2017 ደግሞ እሳቸው ያሉበት ቡድን ኤልጂኤስ1 የተባለውን ጂን ለየ። ይህ ጂን የጎደለው ማሽላ ስትሪጎላክቶን ማውጣቱን አያቆምም። 5-ዲኦክሲስትሪጎልን ትቶ ኦሮባንኮል ያወጣል። አቀንጭራ በኦሮባንኮል እምብዛም አትበቅልም፤ የማይኮራይዛ ክር ግን በእሱም ቅርንጫፍ ያወጣል። ስለዚህ ማሽላው አቀንጭራ ስለተቋቋመ ብቻ ከማባዣነት አይወጣም። ደግሞም የሆርሞኑን መጠን ሳይሆን ዓይነቱን መለወጥ ጠላትን ከወዳጅ እንደሚለይ ያሳየናል፤ ቡና ላይ ማዳቀል የሚያስብ ሰው ከመቶኛ ይልቅ እንዲህ ያለውን ልዩነት ቢፈልግ ይሻላል።

በተግባር፦ የማባዣው አፈር ግማሽ አሸዋ ይሁን፣ ዳፕ አይነካው። ማሽላው አራት ወር ከቆየ በኋላ ውኃ አቁሙና ሁለት ሳምንት ይድረቅ፣ ፈንገሱ ስፖር የሚያበዛው ያኔ ነው። ጭዱ ተቆርጦ ይጣል፣ ሥሩ በ1 ሴንቲ ሜትር ተከትፎ ከአፈሩ ጋር ይደባለቅ። ቡናው የመጀመሪያ ሁለት ክብ ቅጠሉን ዘርግቶ ወደ ቱቦ ሲዛወር ከሥሩ በታች 10 ግራም ይደረግለት፤ ላይ ላዩን የተበተነ ሥሩን ሳያገኝ ይደርቃል።